እርማት፦ የኤም.አይ.ቲ ሴት ፕሮፌሰሮች ፍርድ ቤት አልሄዱም

ወንድሜ፣ ስለ ኤም.አይ.ቲ (አሜሪካ ስላለው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም) «ሴት ፕሮፌሰሮቹ ዩኒቨርሲቲውን ከሰው፣ ደመወዛቸው የተስተካከለው ፍርድ ቤት አስገድዶ ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ሲል እሰማለሁ፤ ግን ክስ የሚባል ነገር አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው በሜትር ነው። የባዮሎጂ ተመራማሪዋ ናንሲ ሆፕኪንስ ለምርምር ዓሣዎቿ ገንዳ የሚሆን ትንሽ ተጨማሪ ቦታ ጠይቃ ተከለከለች። ሜትር ያዘችና ሰው በማይበዛበት ሰዓት ቤተ ሙከራዎቹን እየዞረች ለካች። ወንድ ባልደረቦቿ ከእሷ ሰፋ ያለ ቦታ ይዘው ተገኙ። ከዚያ በሳይንስ ፋኩልቲው ቋሚ ሹመት ያላቸውን ሴቶች አነጋገረች፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ከ17ቱ 16ቱ ለዲኑ ለሮበርት በርጀኖ ደብዳቤ ፈረሙ። የጠየቁት ካሳ አይደለም፤ ጉዳዩ በኮሚቴ እንዲጣራ ነው። ዲኑም ሰምቷቸዋል፣ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። የኮሚቴው ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ ሲሆን የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ቬስት በሴቶች ላይ የሚደረገው አድልዎ ከስሜት ይልቅ በአብዛኛው እውነት መሆኑን በጽሑፍ አመኑ። በዩኒቨርሲቲ ታሪክ እንዲህ ያለ የእምነት ቃል ብዙም አይገኝም።

«ያነሰ ያገኙት ሥራቸው ደካማ ስለነበረ ነው» ላልከው ደግሞ፦ ከፈራሚዎቹ መካከል አን ግሬይቢልና ጆአን ስቱብ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተሸልመዋል። «ጀማሪ ስለሆኑ ነው» የሚለውም አያስኬድም። በሪፖርቱ መሠረት ወጣቶቹ ሴት መምህራን በአመዛኙ ድጋፍ እናገኛለን ብለዋል፤ መገፋቱ የጎላው ቋሚ ሹመት ካገኙ በኋላ፣ በማዕረግ ከፍ እያሉ ሲሄዱ ነበር።