እንቁላል ግንብ ሥር የቆመ መካሪ

ሰሞኑን ጎንደር ፋሲል ግቢ ወረቀት ዘርግቶ የተቀመጠ ሰዓሊ ከጀርባው መካሪ አያጣም። ዝም ብሎ ቢያይ ማን ጠላው? ግን ጉሮሮውን ይጠርግና «አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። ያውም የት ቆሞ? ጉልላቶቹ እንቁላል ስለሚመስሉ «እንቁላል ግንብ» በተባለው በአፄ ፋሲለደስ ቤተ መንግሥት ፊት!

ተረቱን ጠልቼ አይደለም፤ እንዲያውም ነፍሴ ነው። ግን ይሄኛው እንቁላል ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። የሚሄደው ጥላው ነው። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች፤ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ግድግዳው ላይ የተኛው ጥላ ሌላ ጥላ ሆኖ ያርፋል። ስለዚህ በውሃ ቀለም የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የጥላውን ዳርቻ በስሱ በእርሳስ ያስረዋል፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይ ብትለምነውም አይሰማም። ጥላውን እየተከተለ የሚያርም፣ ሁለት ፀሐይ ያላት ጎንደር ይዞ ይገባል።

ወረቀቱስ? ሽፋኑ ላይ ብሩሽ ስለተሳለበት ብቻ «የውሃ ቀለም ወረቀት» ተብሎ የሚሸጥ ደብተር አለ። በካሬ ሜትር 300 ግራም ያልሞላ ወረቀት ዙሪያውን በፕላስተር ካልተወጠረ ውሃ ሲነካው ይሸበሸባል፤ ቀለሙ ጎድጓዳው ውስጥ ይጠራቀምና ቀጥ ያለው ግድግዳ ሆድ ያወጣል። ሻጩን ስንት ግራም ነው ሲሉት «ጥሩ ነው» ይላል። «ጥሩ» የክብደት መለኪያ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

መካሪያችን አልሄደም። ፈዛዛው ኦከር፣ ያ ቢጫማ የአፈር ቀለም፣ እስኪደርቅ ሰዓሊው እጁን ሲያጣጥፍ «ደከመህ?» ይላል። የወረቀቱ ብልጭታ ጠፍቶ፣ በእጅ ጀርባ ሲነኩት ግን ገና የሚቀዘቅዝበት ሰዓት ከሁሉ የከፋ ነው። ያኔ ውሃ የበዛበት ብሩሽ ካረፈበት ቀለሙ ወደ ዳር ተገፍቶ አበባ ጎመን የመሰለ እድፍ ይቀራል። በበጋ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ደረቅ አየር ደግሞ ሰፊው ጥላ ሳይጋመስ ጠርዙ ይደርቅና መስመር ይሠራል። መድኃኒቱ ትልቅ ብሩሽ፣ አስቀድሞ በብዛት የተበጠበጠ ቀለምና ትንሽ ያዘነበለ ሰሌዳ ነው። ጉልላቱ ላይ የጥላው ዳር እርጥብ ሳለ በንጹሕ ብሩሽ ካልለሰለሰ ክብነቱ ጠፍቶ ሳጥን ይሆናል። ይህን ሁሉ ቀስ በቀስ?

«ጥቁር ጨምርበት፣ ይድመቅ» የሚለውንማ አልታገሰውም። የቱቦ ጥቁር የጎንደርን ድንጋይ አስፋልት ያደርገዋል። አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊ በርንት ሲየና ከሚባለው ቀላ ያለ ቡናማ ጋር ሲደባለቅ ሞቅም ቀዝቀዝም ማለት የሚችል ግራጫ ይሰጣል፤ አለቀ። «ድንጋዮቹ ጎደሉ» የሚል ቆጣሪም አለ። ድንጋይ በድንጋይ መደርደር የግንበኛ ሥራ ነበር፤ እሱም ሠርቶ ጨርሷል።

ለነገሩ ተመልካች አንድ ጥቅም አለው። ፀሐይ በቀጥታ ያረፈበት ነጭ ወረቀት ዓይን ስለሚያጥበረብር ቀለሙ የፈዘዘ ይመስልና ይጨመርበታል፤ ቤት ሲገባ ሥዕሉ ጠቁሮ ይገኛል። እንግዲህ መምከሩ ካልቀረ በፀሐይና በወረቀቱ መካከል ቆሞ ይምከር። ግን ጀርባው ሲሞቀው ወደ ዛፉ ሥር ፈቀቅ ይላል፤ ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀጥላል።