የድባቴ መድኃኒት በደም ምርመራ አይመረጥም

ወንድሜ፣ «ድባቴ የሴሮቶኒን እጥረት ነው፤ አክስቴ ደሟን ተመርምራ የጎደላትን መድኃኒት ከፒያሳ እገዛላታለሁ» ብለዋል። እባክዎ ይቆዩ። ሴሮቶኒን በነርቮች መካከል መልእክት የሚያስተላልፍ ኬሚካል ነው። በደም ውስጥ ያለው ሴሮቶኒን በአብዛኛው ከአንጀት የሚመነጭ ስለሆነ ስለ አንጎል የሚነግረን ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማም ድባቴ ከሴሮቶኒን ማነስ እንደሚመጣ የሚያሳይ ወጥ ማስረጃ አላገኘም።

የድባቴ መድኃኒት አይሠራም ማለቴ ግን አይደለም፤ ብዙዎችን ይረዳል። ፍሉኦክሰቲን የተባለው የድባቴ መድኃኒት በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒንን የሚጨምረው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ስሜት የሚሻሻለው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ነገሩ የጎደለ ማድጋ መሙላት ቢሆን ኖሮ ሰው በማግስቱ ይድን ነበር!

ሐኪም መድኃኒት የሚመርጠው የሕመም ምልክቱን፣ የጎንዮሽ ጉዳቱን፣ ሌላ በሽታና ሌላ መድኃኒት መኖሩን አይቶ ነው። ሌላው የድባቴ መድኃኒት አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ ስለሚያመጣ እንቅልፍ ላጣ ሰው ሊታዘዝ ይችላል፤ ለልብ ሕመምተኛ ግን ያሰጋል፣ ከመጠን ካለፈም ይገድላል። ስለዚህ አክስትዎን የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩት፤ የጀመሩትን መድኃኒት በድንገት እንዳያቋርጡ።