እድሜ ለአሰልጣኝ አባራሪዎቻችን

ሰው ሁሉ "በዚህ አገር ተጠያቂነት ጠፋ" ይላል። እኔ አልስማማም። ተጠያቂነት ማየት የፈለገ የማንቼ (የማንቸስተር ዩናይትድ) ጨዋታ ባለበት ምሽት ስታዲየም ዙሪያ ካሉት ካፌዎች አንዱ ውስጥ ይቀመጥ። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ለአሰልጣኙ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ሃያ አምስተኛው ላይ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ለዕረፍት ሳይወጡ ተባሯል። ኮሚቴ የለ፣ ቃለ ጉባኤ የለ፣ "ጉዳዩ እየተጣራ ነው" የለ። ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ውሳኔው አልቋል።

ከእነዚህ ቆራጥ ሰዎች አንዱ ወዳጄ ነው። ስሙን አልጠራም። ለገሃር አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ አብረን እንሠራለን። እሱ ሒሳብ ክፍል ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ "አይሆንም" የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ የሰማ የለም። ወንበሩ አንድ እግሩ ከላላ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ወዳጄ ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ደመወዝ ይሠራል። ይቀየርልኝ አላለም። ሰው ማስቸገር አይወድም።

ይህ ትሑት ሰው የ2017 ዓ.ም. ግንቦት እስኪገባ ድረስ አምስት አሰልጣኝ አባሮ ነበር።

የማንቼው አሰልጣኝ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ዋንጫውን ይዘው ጡረታ ሲወጡ ቤቱ ባዶ ሆነ። ኃላፊነቱን ማን ይረከብ? ወዳጄ ተረከበ። ሞይስ የስድስት ዓመት ውል ይዞ መጣ። ወዳጄ አሥር ወር እንኳ ሳይሞላው ሸኘው። ፋን ሃል የኤፍኤ ካፕን አነሳ፤ ባነሳ በሁለተኛው ቀን ወጣ። ሞሪንሆ አውቶቡስ አቁሟል (ቡድኑን ሁሉ ጎሉ ፊት ደርድሮ ይከላከላል) ተባለ፤ ከነአውቶቡሱ ሄደ። ሶልሻየርን ልጃችን ነው ብሎ ብዙ ታገሠው፤ ዋትፎርድ 4 ለ 1 ሲያሸንፈው ግን ልጅም ቢሆን አለ። ራንግኒክ ጊዜያዊ ስለነበር ቁጥር ውስጥ አይገባም። ቴን ሃግ በ2024 ማንቸስተር ሲቲን አሸንፎ ዋንጫ ሲያመጣ ምሕረት ተደረገለት። ምሕረቱ ጥቅምት ላይ ተነሳ። ቦታውን አሞሪም ያዘ።

የማንቸስተር ሰዎች ይህን ሁሉ ራሳቸው የወሰኑ ይመስላቸዋል። እነሱ ያደረጉት ደብዳቤ መጻፍ ነው። ውሳኔው ከዚህ ነው የሚሄደው፣ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ።

(እኔን ከጠየቃችሁ ቼልሲ ነኝ። እኛ ጋ ማባረሩን ክለቡ ራሱ ስለሚሠራልን ብዙም ሥራ የለንም።)

አሁን የማወራችሁ ስለ አንዲት ረቡዕ ነው። ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.። ማታ ቢልባኦ ላይ ማንቼና ቶተንሃም ለዩሮፓ ሊግ ዋንጫ ይጫወታሉ። ጠዋት ግን ወዳጄ ሌላ ጨዋታ ነበረበት። አንዲት ማኅተም ፈልጎ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሰኞ ሲስተም የለም ተባለ። ማክሰኞ ሲስተሙ መጣ፣ ሰውየው ወጣ። ረቡዕ ሲስተሙም ሰውየውም አሉ፤ ማኅተሙ ያለበት መሳቢያ ቁልፍ ያላት ልጅ ስብሰባ ገብታለች።

ወዳጄ ኮፍያውን አወለቀ። ጎንበስ አለ።

"ምንም ችግር የለም እኅቴ፣ ነገ ብቅ እላለሁ። ይቅርታ፣ አስቸገርኳችሁ።"

ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው። ልጅቷ ቀና ብላም አላየችው። ደረጃውን ስንወርድ "ሥራ በዝቶባቸው እኮ ነው" አለኝ። ይሄን ትዕግሥት ያየ፣ ማታ የሚመጣውን አይጠረጥርም።

ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ካፌው ሞላ። የስታዲየሙ ግድግዳ ከፊታችን ነው። እኛ ግን ጀርባችንን ሰጥተነዋል፤ ቴሌቪዥኑ በዚያ በኩል ስላልተሰቀለ። ጨዋታው 4 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ሁለቱ ቡድኖች በሊጋቸው 16ኛ እና 17ኛ ናቸው። ይህ ማንንም አላሳፈረም። እንዲያውም ወዳጄ "ሊግ ላይ ኃይል ቆጥበን ነው" አለ።

ለንደን ውስጥ አርሴናልና ቶተንሃም የአንድ ሰፈር ደመኞች ናቸው። ጠባቸው ከመቶ ዓመት ይበልጣል። ያ ጠብ ግን እስካሁን ወደ ኢትዮጵያ ቪዛ አላገኘም። እዚህ የቶተንሃም ደጋፊ በባትሪም አይገኝ። አርሴዎቹ ታዲያ ለዘጠና ደቂቃ ቶተንሃም ለመሆን ተስማሙ። የአርሴናል ማሊያ የለበሰ ጎልማሳ "ና ቶተንሃሜ! ና የኔ አንበሳ!" እያለ ደረቱን ሲደቃ አየሁ። ይህን ለንደን ውስጥ ቢሞክረው ቤተሰቡ ይሰበሰብለት ነበር።

ብሽሽቁ ከኳሱ በፊት ተጀመረ። ደጋፊዎቻችን ታሪክ አያነቡም ብሎ የሚያማ አለ። ሐሜት ነው። አንዱ ከጥግ "248 ቀን አንደኛ ሆኖ ዋንጫ ያጣ!" ይላል። የ2023ቱን የአርሴናል ነገር ነው። አርሴው ወዲያው "7 ለ 0!" ይላል። ሊቨርፑል ማንቼን መጋቢት 2023 ያደረገውን ነው። ወዳጄ ይነሳና "8 ለ 2! ነሐሴ 2011!" ይላል። ማንቼ አርሴናልን በፈረንጆቹ 2011 ያደረገውን ነው። ማን ማን እንዳገባ በቅደም ተከተል ይዘረዝራል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልክ አለ፤ በአንዱ የውርርድ ቲኬቱን ያያል፣ በሌላው ቴሌግራም ላይ እየተሳደበ ነው። በአፉ ከአርሴዎቹ ጋር ይከራከራል። ሰው በአንድ ጊዜ ሦስት ሥራ አይሠራም የሚሉ አለቆች ይህን ቢያዩ ጥሩ ነበር።

42ኛው ደቂቃ ላይ ኳሷ ሉክ ሾውን ነካክታ፣ ብሬናን ጆንሰንን ነካክታ፣ ተንከባላ ገባች። አስቀያሚ ጎል ናት። አርሴዎቹ ወንበር ላይ ወጡ። ወዳጄ አልጮኸም። ስልኩን አነሳ። አውራ ጣቱን ቀረብ ብዬ አየሁት። ጠዋት ያቺን ኮፍያ የያዘው ጣት ነው። አሁን አይንቀጠቀጥም። "አሞሪም ውጣልን። ጋርናቾን ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀምጦ የሚያሰልጥን ሰው ክብር የለውም። ነገ ጠዋት ሻንጣህን!" ብሎ ጻፈ። ላከው። ማኪያቶውን ፉት አለ።

ስድስተኛው መሆኑ ነው።

68ኛው ደቂቃ ላይ የማንቼው ሆይሉንድ በጭንቅላት የመታትን ኳስ የቶተንሃሙ ቫን ዴ ቬን አየር ላይ ተንሳፍፎ ከመስመር አወጣት። ካፌው በአንድ ድምፅ "ኧረ!" አለ። ወዳጄ በዚህ ክፍተት ለአሞሪም ተተኪ መፈለግ ጀምሮ ነበር። ሦስት ስም አቅርቦ ሁለቱን ውድቅ አደረገ።

እዚህ ላይ እውቀቱን ላወድስ። ወዳጄ የማንቼን የወጣት ቡድን ግራ ተመላላሽ ጉልበት ከሐኪሙ በላይ ያውቃል። በዚያው ዓመት ክለቡ 100,000 ሰው የሚይዝ አዲስ ስታዲየም እሠራለሁ ሲል ስለ ጣሪያው ሁለት ሳምንት ተከራክሯል። ጣሪያው ጥላ ያበዛል፣ ሣሩ አይበቅልም ባይ ነው። ከጀርባችን ያለው ስታዲየም ግን ለእድሳት ተዘግቶ ዓመታት መቆየቱን ሳነሳበት "ይከፈታል፣ ምን ያስቸኩላል?" አለኝ። ብሔራዊ ቡድናችን ሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው "በሜዳው" ነው፤ ሜዳው የተገኘው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነበር። ያንን ጨዋታ ወዳጄ አላየውም። የዝውውር ወሬ በዝቶበት ነበር።

የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊዎችን በዚህ ጽሑፍ ማመስገን ይከብደኛል። ኋላ ቀር ናቸው። ትኬት ቆርጠው፣ ፀሐይ ላይ ቆመው፣ በማግስቱ ድምፃቸው ተዘግቶ ሥራ ይገባሉ። የሚሰድቡት አሰልጣኝ ስድባቸውን በጆሮው ይሰማል፤ ይባስ ብሎም መልስ ሊሰጣቸው ይችላል። እንዲህ ያለ ደጋፊነት አደጋ አለው። የኛዎቹ ግን ሠልጥነዋል። አሞሪም አማርኛ አያነብም።

ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ። ቶተንሃም እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ የመጀመሪያ ዋንጫውን አነሳ። ስንወጣ የሕንፃው ጥበቃ፣ አባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ በር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

"ምነው ልጄ ፊትህ ጠቆረ?" አሉት።

"ተሸነፍን አባባ።"

"ማን ማን?"

"እኛ ነና!"

"የት ሄዳችሁ ነው?"

"ስፔን።"

አባባ ካፌውን አዩት፣ እሱን አዩት።

"በል ግባና ተኛ። መንገዱም ያደክማል።"

ከዚያ አገጫቸውን ወደ ስታዲየሙ ቀሰር አድርገው፣ በ1954 ዓ.ም. ጥር ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ ልጅ ሆነው ዛፍ ላይ ወጥተው እንዳዩ ነገሩን። ዛፉ የነበረበትን ቦታ ሁሉ አሳዩን። ወዳጄ በትዕግሥት አዳመጣቸው።

"ያኔ እኮ አባባ ታክቲክ የሚባል ነገር አልነበረም" አላቸው።

በነገራችን ላይ፣ ያን ዋንጫ ያመጣውን አሰልጣኙን ፖስቴኮግሉን ቶተንሃም በ16ኛው ቀን አሰናበተው። ወዳጄ ዜናውን ሲሰማ ምሳውን አቁሞ አዘነ። "ሰው ዋንጫ አምጥቶ እንዲህ ይደረጋል? እነዚህ ሰዎች ይሉኝታ የላቸውም?" አለ። ፋን ሃልን አስታወስኩት። "እሱ ሌላ ነው፣ ኳሱ ያስተኛ ነበር" አለኝ። ፍትሕ ማለት ዝርዝር ማየት ነው።

ወደዚያች ሌሊት ማግስት ልመለስ። ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ነን። የወዳጄ ዓይን ቀልቷል። አለቃችን ገቡ። አለቃችን አርሴናል ናቸው። ቁልፋቸው ላይ ሁሉ መድፍ አለ።

"እህ፣ ማታ እንዴት ሆነ?" አሉት እየሳቁ።

ወዳጄ ብድግ አለ። ወንበሩ ተንጓጓ።

"ምን ይሆናል ጌታዬ፣ ያው እንደሚያውቁት ነው። ቡድን ማለት የእናንተ ነው።"

"አርቴታን እንዴት ታየዋለህ?"

"ኧረ እሱማ! እንዲህ ያለ አሰልጣኝ የት ይገኛል?"

"ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ መውጣት ቀላል ይመስላቸዋል።"

"ቀላል አይደለም ጌታዬ። በጭራሽ ቀላል አይደለም።"

አለቃችን ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ወደ ቢሯቸው ገቡ። ወዳጄ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ተቀመጠ። የደመወዝ መዝገቡን ገለጠ። ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ። ከፊቴ ከተቀመጠው ከሱ ነው።

"እስካሁን አልወጣም እንዴ? ምን እየጠበቁ ነው?"