እርማት፦ መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ ጣት ይቆርጣል?

«መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ ጣት ላይ ይታጠፋል፣ ለጀማሪ አይሆንም» ላልከው፦ እንደዚያ አይደለም ወንድሜ። ስለቱን ከፍቶ የሚይዘው በእጀታው ጀርባ ያለው ሞላ ነው፤ ስትቆርጥ ደግሞ ግፊቱ ስለቱን ወደ መከፈት እንጂ ወደ መታጠፍ አይወስደውም። የሚታጠፈው በጫፉ ስትወጋ ወይም የስለቱን ጀርባ ስትጫን ነው። በ1897 የወጣው የስዊስ መኮንኖች ሰንጢ እንኳ ብዙዎቹ ሞዴሎቹ መቆለፊያ የላቸውም።

«ሞላው በጠነከረ ቁጥር ጥሩ ነው» የሚባለውም አያስኬድም፤ ስለቱን በጥፍርህ ስትከፍት ጥፍር ይሰብራል (የእኔን ሰብሯል)። ርካሽ ስትመርጥ ከፍተህ ስለቱን ግራና ቀኝ ነቅንቀው፤ ከተወዛወዘ ተወው። ቀጥሎ ወደ ብርሃን አንሥተህ በሞላውና በእጀታው ጎኖች መካከል ክፍተት እንዳለ እይ። ቀጭን ጭላንጭል ብቻ ከሆነ ለዋጋው ይታለፋል።