ከጽሕፈት መኪናው የተነሣው ወረቀት

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2010 በ69 ዓመቱ ያረፈው አሜሪካዊው የቴሌቪዥን ፕሮዲዩሰር ስቲቨን ጄ. ካኔል ስለ እሱ በወጣ አንድ ጽሑፍ ላይ በዋናነት «ኤ-ቲም» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ መታወሱ የሚያስገርም አይደለም፤ ለእኔ ግን የሰውየው እውነተኛ ብቃት የታየው እ.ኤ.አ. በ1974 ከፕሮዲዩሰር ሮይ ሃጊንስ ጋር በፈጠረው ተከታታይ ድራማ፣ በ«ዘ ሮክፎርድ ፋይልስ» ነው። በጄምስ ጋርነር የተተወነው ጂም ሮክፎርድ ማሊቡ ባሕር ዳርቻ በተጎታች ቤት የሚኖር፣ በቀን 200 ዶላርና ወጪዬን አስከፍላለሁ እያለ ገንዘቡን እምብዛም የማያገኝ፣ ጠብ ሲመጣም ከመደባደብ ይልቅ ማምለጥን የሚመርጥ የግል መርማሪ ነበር። እያንዳንዱ ክፍል የሚጀምረው ስልኩ ላይ በተቀዳ መልእክት ስለነበር፣ ወደ ታሪኩ የምንገባው ብዙውን ጊዜ የሮክፎርድን ችግር ሰምተን፣ ስቀን ነበር።

«ኤ-ቲም»ንም ቢሆን አልንቀውም፤ ያ ሁሉ ጥይት ተተኩሶ ሰው እምብዛም አለመሞቱ ግን ዛሬም ያስቀኛል።

ይበልጥ የሚደንቀኝ፣ ዲስሌክሲያ በተባለው የንባብ ችግር የተነሣ በተማሪነቱ ክፍል ደጋግሞ ይወድቅ የነበረና የችግሩን ስም እንኳ ያወቀው ከጎለመሰ በኋላ የሆነ ሰው፣ ኑሮውን በመጻፍ ላይ መመሥረቱ ነው። በራሱ ኩባንያ ሥራዎች መዝጊያ ላይ ካኔል በጽሕፈት መኪና ሲጽፍ ይታይና ወረቀቱን መዝዞ ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ ወረቀቱም ተንሳፍፎ «ካኔል» የሚለውን ስም መነሻ የላቲን ፊደል «C»ን ይሠራል። ልጅ ሳለሁ፣ የጻፈው አልጥም ብሎት የሚጥለው ይመስለኝ ነበር።