ውሳኔው ሮቶው ጋ ይሁን

ስለ አይኦቲ፣ ማለትም ኔት ላይ ስለሚያያዙ ዕቃዎች፣ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ወተት ማለቁን የሚናገር ፍሪጅ፣ በስልክ የሚጠፋ አምፖል ምናምን ነው። እኔ ግን ከተማው ዳር ላለነው፣ ለቱሉ ዲምቱ፣ ለኮዬ ፈጬ፣ ለቦሌ አራብሳ ሰው ነገሩ መጀመር ያለበት ከሮቶ ነው ባይ ነኝ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ አንድ ሰው እንቅልፉን ትቶ ወርዶ ፓምፕ ያስነሳል፣ ካልወረደ ብሎኩ በሙሉ በጀሪካን ነው፣ አስነስቶ እንቅልፍ ከወሰደው ደግሞ ወይ ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል ወይ መስመሩ ላይ ውሃ ጠፍቶ ፓምፑ በባዶ ሲሽከረከር ይቃጠላል።

ታዲያ አይኦቲ ማለት እኮ የሚለካ፣ የሚወስን፣ የሚያዝና የሚያወራ ዕቃ ነው በቃ። ሮቶው ክዳን ላይ የሚታሰረው ሴንሰር ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ወደ ታች ይለቃል፣ ድምፁ ውሃው ላይ ነጥሮ ሲመለስ ጊዜውን ይለካል፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ ደርሶ ለመመለስ 6 ሚሊ ሰከንድ ከወሰደበት ውሃው አንድ ሜትር ያህል ዝቅ ብሏል ማለት ነው። (ውሃ የማያስገቡት ብዙዎቹ ሴንሰሮች ከ20 ሴንቲ ሜትር የቀረበ ነገር በደንብ አይለኩም፣ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት።) ቁጥሩን አነስተኛ ቺፕ ይቀበላል፣ ለምሳሌ ዋይፋይና ብሉቱዝ አብሮት ያለው ኢኤስፒ 32፣ እሱ ሪሌዩን (ቺፑ የሚያዘውን ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ) ያዛል፣ ሪሌዩ በኮንታክተር (የፓምፑን ትልቅ ኮረንቲ በሚችል ማብሪያ ማጥፊያ) በኩል ፓምፑን ያስነሳል ወይ ያቆማል። ከዛ በዋይፋይ ወይ በሲም ካርድ ለስልካችሁ ይነግራል።

ክርክሬ ያለው እዚህ ጋ ነው፣ የሚወስነው ማነው? አሁን ከሚሸጡት ዕቃዎች ብዙዎቹ የለኩትን ውጭ አገር ላለ ሰርቨር (የኩባንያው ኮምፒውተር) ልከው ትእዛዝ ከዛ ነው የሚጠብቁት። ኔት ከሄደ ዕቃው ዝም ይላል። ኩባንያው ራሱ ሲተወውስ? አሜሪካ ውስጥ ሬቮልቭ የሚባል የቤት መቆጣጠሪያ ነበር፣ የጉግሉ ኔስት በ2014 ኩባንያውን ገዝቶ በ2016 ሰርቨሩን ሲዘጋው ሰው 300 ዶላር ገደማ የከፈለበት ዕቃ ምንም የማይሰራ ሆኖ ቀረ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) እነሱ አገር መብራትም ኔትም ሳይጠፋ ማለት ነው!

ስለዚህ እዚህ የሚገጠም ማንኛውም ነገር ውሳኔውን እዛው ቺፑ ላይ መጨረስ አለበት፣ ሞላ አቁም፣ መስመሩ ደረቀ አቁም፣ ኔት ኖረም አልኖረም፣ ኢንተርኔቱ ለወሬ ብቻ ይሁን። ይሄ ለደካማ ኔትዎርክ የተፈጠረ የድሃ መፍትሄ አይደለም፣ ዛሬ አይኦቲ ላይ በሰፊው የሚሰራበት ኤምኪውቲቲ (ዕቃዎች መልእክት የሚለዋወጡበት ደንብ) ራሱ በ1999 የተሰራው በረሃ ላይ ላለ የነዳጅ ቧንቧ ነው፣ በሳተላይት በሚመጣ ውድና ቀጭን መስመር መልእክት እንዲያደርስ። እንደውም አንድ የምወድለት ነገር አለው፣ ዕቃው ድንገት ከመስመር ከጠፋ ቀድሞ አስቀምጦት የሄደውን መልእክት መሃል ያለው ሰርቨር ለሌሎቹ ያደርስለታል፣ መብራት ሲሄድ እናንተ ስራ ቦታ ሆናችሁ «ሮቶው ከመስመር ጠፍቷል» የሚል ይደርሳችኋል። ዳታ ሲጠፋም በኤስኤምኤስ ማስተላለፍ የሚችል አድርጎ መስራት ይቻላል።

ፓስወርድ ላይ ደግሞ ቸልተኝነታችን ያስፈራኛል። በ2016 ሚራይ የሚባል ቫይረስ የፋብሪካ ፓስወርዳቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችን እየሰበረ ገብቶ ሰራዊት አደረጋቸው፣ በጥቅምት ዳይን የሚባለውን፣ የድረ ገጽ ስም ስንጽፍ ወደ ትክክለኛው አድራሻ የሚመራንን ድርጅት ሲያጠቁ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለብዙ ሰው አልከፈት አለ። እኛም ሰፈር ሱቁ ሁሉ ካሜራ አለው፣ የገጠመው ልጅ ያስቀመጠውን ፓስወርድ የቀየረ ባለሱቅ ስንት ይሆን? የብሎክ ኮሚቴዎች ሮቶ ላይ እንዲህ አይነት ነገር ስታስገጥሙ አካውንቱ በኮሚቴው ስም ይከፈት፣ ፓስወርዱም ቺፑ ላይ የተጫነው ፕሮግራም ኮዱም በጽሑፍ ይሰጣችሁ፣ ቀሪውን ክፍያ ከዛ በኋላ ክፈሉ፤ ቴክኒሻኑ ሌላ ስራ አግኝቶ ሲሄድ ፓምፓችሁ ከሱ ስልክ ጋ አብሮ እንዳይሄድ።