ፈቃዱ የሱቁ ነው፣ የእናንተ አይደለም

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው።

«ካናቢስ (ማሪዋና) እኮ ተፈቅዷል» ማለቱን ተዉት። ምኑ ነው የተፈቀደው? በ2014 እ.ኤ.አ. የዲሲ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ፣ 21 ዓመት የሞላው ሰው እስከ ሁለት አውንስ መያዝ ይችላል ተባለ። ሽያጩን ግን ኮንግረስ በበጀት በኩል አገደው። በሕግ የሚሸጡት የሕክምና ካናቢስ ፈቃድ ያላቸው ሱቆች ብቻ ናቸው።

እነሱን የሚቆጣጠረው የከተማው የአልኮልና የካናቢስ አስተዳደር ነው። ቁጥጥሩም ቀልድ አይደለም። ተክሉ ገና ሲያድግ የራሱ ቁጥር ያለው መለያ ይታሰርበታል። ሲታጨድ ይመዘናል። ሲታሸግ፣ ሲጓጓዝ፣ ሲሸጥ ሁሉም ሜትሪክ የሚባለው የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ ይገባል። ሚዛኑ ካልገጠመ ባለሱቁ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ልፋት ዕቃው ከታማሚ እጅ ወጥቶ መንገድ ላይ እንዳይቸበቸብ፣ ላብራቶሪ ያላየው ነገርም እንዳይሸጥ ነው።

እናንተስ? በሕክምና ካናቢስ የታማሚ ካርዳችሁ ገዝታችሁ አትርፋችሁ ትሸጣላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ቲሸርት ሸጦ ካናቢሱን «በስጦታ» የሚሰጥ ሱቅ ውስጥ በካሽ ትሠራላችሁ። ከተማው ፈቃድ የሌላቸውን ሱቆች ማሸግ ከጀመረ ቆይቷል። ፖሊስ ሲገባ ባለቤቱ ቤቱ ተኝቷል፤ የሚገኘው ካሸሩ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የግሪን ካርዱ ነገር ነው። ዜግነት ያልወሰዳችሁ፣ ስሙኝ። ኢሚግሬሽን የሚሠራው በፌዴራል ሕግ ነው። በኤፕሪል 2019 የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በግልጽ አስታውቋል፦ ስቴቱ ቢፈቅድም፣ ከካናቢስ ጋር መነካካት ለዜግነት የሚጠየቀውን «መልካም ሥነ ምግባር» ሊያሳጣ ይችላል። ፈቃድ ባለው፣ ግብር በሚከፍል ሱቅ መቀጠርም ጭምር! የግድ ፍርድ ቤት መቅረብ የለባችሁም። የዜግነት ቃለ መጠይቁ ላይ ምላችሁ «አዎ፣ ተነካክቻለሁ» ማለታችሁ ሊበቃ ይችላል። መዋሸት ደግሞ የባሰ ጣጣ ነው። ስንት ዓመት የተለፋበትን ወረቀት ለካሸር ደሞዝ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

የታመመ አይታከም አላልኩም። ዲሲ ያለ ሐኪም ወረቀት ራስን ለሕክምና ካናቢስ ማስመዝገብ ስለፈቀደች ብቻ ግን ፎርም አትሙሉ። መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ። «እኔ ምንም አልሆንኩም» የሚላችሁ ጓደኛ ካለም፣ የአሜሪካ ፓስፖርት እንዳለው ጠይቁት።